አባዬን የጋበዝኩበት የፈረንሳይ ቢስትሮ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ሰላም ቤቶች።

የምኖረው ድሬዳዋ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር አባዬን ለዓይን ሕክምና ይዤው አዲስ አበባ መጥቼ ነበር። ሕክምናው በሰላም አልቋል፣ ሞራው ተነሥቶለታል፣ ተመስገን። የምጽፈው ስለ ሕክምናው ሳይሆን በመጨረሻው ምሽት ስለበላነው እራት ነው። ሦስት ሳምንት አለፈው፤ አሁንም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

አባዬ የሼመንደፈር ጡረተኛ ነው። ድሬዳዋ የባቡሩ ጥገና ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ፈረንሳይኛውን የተማረው ከአለቆቹ አፍ ነው፤ የብሎንና የመፍቻ ስም ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው የሚያውቀው። ልጆች ሳለን ማታ ማታ የሚያወራልን አንድ ታሪክ ነበረው፦ በወጣትነቱ ከባቡሩ ጋር አዲስ አበባ ወጥቶ፣ አለቃው ለገሃር፣ ቡፌ ደ ላ ጋር የሚባለው የጣቢያው ምግብ ቤት አስገብቶ ስቴክ የጋበዘው ቀን። ቢላዋው ሥጋው ውስጥ እንዴት እንደሰመጠ በእጁ እያሳየ ነበር የሚነግረን። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታሪኩን ከመልመዷ የተነሣ እሱ የዘለለውን እየሞላች ትተርክለት ነበር።

እኔም አንድ ቀን ያንን ስቴክ መልሼ እጋብዘዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ከገባሁ ዘመን የለውም። ዘንድሮ እቁብ ደረሰኝ፣ ሕክምናውም አዲስ አበባ ሆነ።

በዚያ ቀን ከሰዓት መጀመሪያ ለገሃር ወሰድኩት። አንድ ዓይኑ ገና ተሸፍኖ ነበር። ከአንበሳው ሐውልት ጋ ቆሞ የጣቢያውን ሕንፃ ረጅም ጊዜ አየው፤ ምንም አላለም። ማታ መሃል ከተማ ወዳለ አንድ የፈረንሳይ ቢስትሮ ገባን። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ሻማ፣ በሦስት ማዕዘን የታጠፈ ናፕኪን። ሜኑው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። አባዬ በአንድ ዓይኑ እያራቀ እያቀረበ ጮክ ብሎ አነበበው። ፊቱ እንደዚያ ሲበራ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ሁለት የሽንኩርት ሾርባ፣ ሁለት አንትሬኮት ከድንች ጥብስ ጋር፣ ለሁለታችን አንድ ክሬም ካራሜል አዘዝን። አስተናጋጁ ሥጋው እንዴት ይሁን ሲለው አባዬ በፈረንሳይኛ አ ፗ አለው። ልጁ ትንሽ አሰብ አደረገና ዌል ደን፣ በደንብ የበሰለ፣ ማለት ነው አይደል ብሎ ጠየቀ። አባዬ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ሾርባው ነጣ ያለ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል ነበር፤ ሽንኩርቱ ገና ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ላዩ ላይ ያለው አይብ ቀልጦ በመሳብ ፈንታ እንደ ላስቲክ ተኮማትሯል። ሥጋው ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ሆኖ መጣ። ቢላዋ አልገባው አለ። አባዬ ጥርሱ ደህና ነው፣ ቆሎ ይቆረጥማል፤ እንዲያም ሆኖ ሦስት ጊዜ ያህል አኝኮ አኝኮ ዋጠና የቀረውን እየቆራረጠ ከድንቹ ሥር ሸሸገው። እንዳላየ ሆንኩ። ድንች ጥብሱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግሩም ነበር። ክሬም ካራሜሉም ደህና ነው። አስተናጋጁ ተመልሶ መጥቶ እንዴት ነው ሲለን፣ ሁለታችንም እኩል፣ በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን አልን።

ሜኑው ላይ ደምሬ የያዝኩት ልክ 5,000 ብር ነበር፦ ሾርባው 550፣ አንትሬኮቱ 1,650፣ ክሬም ካራሜሉ 420፣ ውሃው 180። ደረሰኙ ሲመጣ 6,325 ይላል። ከደመወዜ ግማሽ ይበልጣል። ከፈልኩ፣ ጉርሻም ጨመርኩ።

ፔንሲዮናችን ገብተን አባዬ ጫማውን ካወለቀ በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ ዳቦ ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። ከሱቅ ሁለት ዳቦ ገዛሁ፤ የፔንሲዮኑ ጥበቃ ሻይ ሰጡን። ሁለቱንም በላ። እንቅልፍ የነሣኝ ሒሳቡ ሳይሆን ይቺ የዳቦ ጥያቄ ናት።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። የፈረንሳይ ቢስትሮ ማለት ይኸው ነው ወይስ እኛ ነን ያልታደልነው? ደግሞስ ሥጋውን መመለስ ነበረብኝ?

ከዚህ በታች ያለው በኋላ የጨመርኩት ነው። ክሩ፣ ማለትም ይህ የመልሶች ሰንሰለት፣ ስለረዘመና አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያንኑ መልሶ ስለሚጠይቅ፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አባባል አሳጥሬ አስፍሬያለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ያጣመምኩት ካለ አርሙኝ።

ቁጥር 1 የአባዬን ዓይን እግዚአብሔር እንዲያበራለት የመረቁ እናት ናቸው። ስለ ምግቡ ምንም አላሉም፤ አባቷን ይዛ የወጣች ልጅ አልከሰረችም ብለው ነው የጨረሱት። አሜን ብያለሁ።

ቁጥር 2 ዋጋው ለአሁኑ መሃል አዲስ አበባ የተለየ እንዳልሆነና ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ጻፈ። ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካለ፣ ወይም ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቁ የተጻፈ ነገር ካለ፣ ያ አገልግሎትና ቫት ገና ይጨመራል ማለት ነው። ሜኑውን በስልኬ አንሥቼው ስለነበር ተመለስኩና አየሁ። እውነቱን ነው፣ ከግርጌው አለ።

ቁጥር 3 የሒሳብ ባለሙያ ነች። ብዙ ሰው አሥሩን የአገልግሎትና አሥራ አምስቱን የቫት ደምሮ 25 በመቶ ይመስለዋል ስትል አረመች። ደረሰኜ ላይ እንደሚታየው መጀመሪያ 10 በመቶው 500 ብር ተጨምሮ 5,500 ሆነ፤ ቫቱ የተሰላው በ5,500ው ላይ ነው፣ 825 ብር። ስለዚህ በሜኑው ዋጋ ላይ የተጨመረው 26.5 በመቶ ነው። ከቤት ሳትወጡ ያሰባችሁትን በ1.265 አባዙ የሚለው ምክሯ ከሁሉም ይልቅ ጠቅሞኛል።

ቁጥር 4 ፈረንሳይ አገር ዘጠኝ ዓመት የኖረች ሴት ናት፤ ረጅምና ደግ መልስ ነው የጻፈችው። በፈረንሳይ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምግብ ቤት የሚለጥፈው ዋጋ ቀረጡንም አገልግሎቱንም ያካተተ መሆን እንዳለበት፣ ሜኑው ላይ ያየኸውን ያንኑ እንደምትከፍል፣ ዳቦና የቧንቧ ውሃ ከምግቡ ጋር ያለ ተጨማሪ ሒሳብ እንደሚቀርብ ነገረችን። ከዚያ የኔ ጥያቄ ልብ ውስጥ ገባች። ቢስትሮ ማለት በዚያ አገር የሠፈር ቤት ነው አለች። ጠባብ፣ ጫጫታ ያለበት፣ የዕለቱ ምግብ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍበት፣ የወረቀት ጠረጴዛ ልብስ የሚበዛበት፣ ሠራተኛ ምሳውን በልቶ ወደ ሥራው የሚሮጥበት። ከርካሽ የሥጋ ብልትና ከሽንኩርት ጥሩ ነገር ማውጣት ነው ሙያው። ያ ቤት ሻማና ነጭ ጨርቅ አልብሰው እዚህ ሲያመጡት ስሙን ይዞ ሥራውን ጥሎ መጣ፤ አንቺ የከፈልሽው ለጨርቁ ነው አለችኝ። ይህን ሳነብ አባዬን አሰብኩ። አለቃው የጋበዘው ቤትም የጣቢያ ቡፌ ነበር፤ መንገደኛ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ የሚበላበት።

ቁጥር 5 እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አነሣ። በ1814 እ.ኤ.አ. ፓሪስ የገቡት የሩሲያ ወታደሮች ምግብ ቶሎ እንዲመጣላቸው ቢስትራ እያሉ ይጮሁ ስለነበር ስሙ ከዚያ ቀረ አለ።

ቁጥር 6 ቁጣ ቁጣ አለው። ይሄ ለቱሪስት የሚነገር ተረት ነው፣ ቃሉ በጽሑፍ የታየው በ1880ዎቹ ነው፣ ወታደሮቹ ከወጡ ሰባ ዓመት አልፎ፤ ያ ሁሉ ዘመን የት ተደብቆ ኖረ ሲል ጠየቀ። የቋንቋ ሰዎች ከየት እንደመጣ ገና አልተስማሙም አለ። እሱ ራሱ ያመነው ከኦቬርኝ ተራሮች ወርደው ፓሪስ ከሰልና ወይን ጠጅ አንድ ላይ ይሸጡ የነበሩት ሰዎች ቤቶቹን እንዳበዟቸው ነው። በአንድ በር ከሰል፣ በሌላው በር ብርጭቆ። አገላለጹ ደስ ብሎኛል፤ ቁጥር 5ን ያልተማረ ብሎ መዝለፉ ግን አላስፈለገም ነበር።

ቁጥር 7 የቤቱን ስም አውጪው፣ ሌላው እንዳይሞኝ አለኝ። በቁጥር 9 መለስኩ፦ አንድ ምሽት ነው የበላሁት፣ ቅር ማለቴንም እዚያው አልነገርኳቸውም፤ ፊት ለፊት ያላልኩትን ከኋላ ስም ጠርቼ አልልም። ቁጥር 8 ያው ቁጥር 5 ነው፤ ተከፍቶ ተመልሶ፣ ስለ ወታደሮቹ ከአስጎብኚ እንደሰማ፣ ስለ ከሰሉ ግን ባለማወቁ እንደተማረበት ጻፈ። ቁጥር 6 ከዚህ በኋላ ቃናውን አለዘበ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው የክሩ ሥጋ።

ቁጥር 10 ሆቴል ማብሰያ ቤቶች ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የሠራ ሼፍ ነው። አብዛኛው ሰው ስቴኩ የጠነከረው ከመጠን በላይ ስለበሰለ ብቻ ይመስለዋል፣ እሱ ግማሹ ነው አለ። በፈረንሳይኛ አንትሬኮት ማለት በጎድን መካከል ማለት ነው፤ የሚቆረጠው ከጎድን አጥንቶች መሃል ነው። እዚያ አገር ያ ሥጋ ታርዶ ወዲያው አይጠበስም። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ላይ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ተሰቅሎ ያርፋል። በዚያ ጊዜ ሥጋው ውስጥ ያሉት የራሱ ኢንዛይሞች የጡንቻውን ክሮች ቀስ በቀስ ያላሏቸዋል። እኛ ዘንድ ግን ሥጋ የሚከበረው ትኩስ ሲሆን ነው። ማለዳ ታርዶ፣ ቀን ተበልቶ። ስለዚህ የፈረንሳይን አቆራረጥና የፈረንሳይን ምጣድ እናመጣለን፣ የፈረንሳይን ትዕግሥት ግን አናመጣም አለ። የቀዝቃዛ ክፍል ኤሌክትሪክና ለሦስት ሳምንት የሚታሠር ገንዘብ ውድ ስለሆነ ብዙ ቤት አይሞክረውም።

ቁጥር 11 ሥጋ ቤት ያለው ሰው ነው። ሼፉ ላይ ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛ፣ በኛ ቋንቋ አንትሬኮት ለሚባለው የሚቀርበው ጎድን ተዳቢት ነው፤ ሽንጥ የሚሰጥህ ሥጋ ቤት ሌላ ነገር እየሰጠህ ነው፤ ለስላሳ ከፈለግህ ጭቅና አለልህ። ሁለተኛ፣ በሬው ራሱ ማን ነው? ስምንት ዓመት ሞፈር የጎተተ በሬ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ሦስት ወር ቢሰቀል ያው በሬ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ የድሬዳዋ ልጅ ሆነሽ የሐረር ሰንጋ ከደጅሽ እያለ ሥጋ ፍለጋ አዲስ አበባ መጣሽ አለኝ። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን ከማሳው ያሳሳውን የማሽላና የበቆሎ አገዳ እያቀረበ፣ በእጁ እያጎረሰ ነው የሚያደልበው። ይህ ወቀሳ ገብቶኛል። አያቶቼ ሲያደርጉት አይቻለሁ።

ቁጥር 12 ያነሣችው ጥያቄ እኔም ልጠይቀው የነበረ ነው። ትኩስ ሥጋ ይጠነክራል ከተባለ፣ ቁርጡ ለምንድን ነው አፍ ውስጥ የሚሟሟው?

ቁጥር 13 ሼፉ ተመልሶ መጣ። በሬው እንደታረደ ጡንቻው ገና ልል ነው፤ በውስጡ የቀረችው ጉልበት እስክታልቅ ይላላል ይኮማተራል። ጉልበቷ ስታልቅ ይቆለፋል፤ በበሬ ይህ የሚሆነው በሰዓታት ውስጥ ነው፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይቆማል። ቁርጥ የሚበላው ሳይቆለፍ ነው፤ ፈረንሳዩ የሚበላው ከተቆለፈ በኋላ ራሱ እስኪፈታ ጠብቆ ነው። የሁለቱም ሕዝብ ጥበብ ያው ነው አለ፦ ከመቆለፊያው መሸሽ። አንዱ ከፊቱ ይቀድማል፣ አንዱ ከኋላው ይጠብቃል። አንቺና አባትሽ የበላችሁት በመሃል ያለውን ነው፣ ከትናንት የታረደውን። ይህን መልስ ለአባዬ በስልክ ሳነብለት ሁለቴ አስደገመኝ።

ከቁጥር 14 እስከ 17 ያለው ለመጻፍ እንኳ ይከብዳል። ቁጥር 14 ሰው ሽሮ በሚያጣበት ዘመን ስድስት ሺህ ብር በአንድ ምሽት በልቶ ማለቃቀስ ነውር ነው አለ። ቁጥር 15 ስለ ባዕድ ሰው ኪስ ምን አገባህ ብሎ ገባበት። ቁጥር 16ን አስተዳዳሪው አጥፍቶታል፤ ስድብ ነበር። ቁጥር 17 እኔ ነኝ። ቁጥር 14 የተናገረው ስለ ችግሩ ውሸት እንዳልሆነ፣ እኔም አስተማሪ መሆኔን፣ ብሩ የአንድ ዓመት እቁብ መሆኑን ጻፍኩ። ቅር ያለኝ ሀብታም ሆኜ ስላልጠገብኩ አይደለም። ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ነገር ላደርግለት ፈልጌ ስላልሆነልኝ ነው። ቁጥር 14 መልስ አልሰጠም፤ ግን የጻፈውን አላጠፋም፣ እኔም አጥፋው አላልኩም።

ቁጥር 18 የመርካቶ ልጅ፣ ሠርግ ቤት ወጥ የምትሠራ ሴት ናት። ሥጋውን ተዉት፣ ሾርባው ነው እኔን ያበሸቀኝ ብላ ጀመረች። ሽንኩርት ሾርባ ማለት ቁሌት ማለት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም አለች። ሽንኩርቱን አድቅቆ ሳይሆን በቁመቱ ቀጭን አድርጎ ከትፎ፣ በቅቤ፣ በለስላሳ እሳት፣ አንድ ሰዓትም ቢፈጅ ቡናማ እስኪሆን ማቁላላት፤ ከዚያ የአጥንት መረቅ። ዶሮ ወጥ ለመሥራት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ሽንኩርት የምታቁላላ ሴት ባለችበት ከተማ፣ ያልበሰለ ሽንኩርት በዱቄት አወፍሮ 550 ብር መሸጥ ድፍረት ነው። የማይቀልጠው አይብም ምናልባት የአገር ውስጡ ፕሮቮሎኔ በችኮላ ተጥሎበት እንደሆነ ገመተች፤ ያውም ቢሆን በጋለ ፎርኖ ውስጥ ቢገባ ይሳባል አለች። እዚህ ክር ላይ ብዙ ምስጋና ያገኘው ይህ መልስ ነው፣ ይገባዋልም።

ቁጥር 19 የፊዚክስ መምህር ነኝ ባይ ነው፣ የሙያ ባልደረባዬ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላና ለሥጋው መጠንከር ምክንያቱ ይህ እንደሆነ ጻፈ። ሼፉ በቁጥር 20 በትሕትና መለሰለት፦ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ለስቴክ ግን አይሠራም፤ ስቴክ የሚበስለው በጋለ ብረት እንጂ በውሃ አይደለም። ከፍታው የሚያስቸግረው በወይን ጠጅ የሚቀቀለውን የቡርጎኝ ሥጋ፣ አተርና ባቄላውን ነው፤ ፓሪስ ሦስት ሰዓት የሚለው መጽሐፍ እዚህ አራት ማለት አለበት። መምህሩ አመስግኖ ወጣ።

ቁጥር 21 ሌላ መንገድ ይዞ ሄደ። አባትሽ ታርታር ቢያዙ ኖሮ ይሻል ነበር አለ፤ የተከተፈ ጥሬ ሥጋ፣ የእንቁላል አስኳል፣ ሰናፍጭና ኬፐር ያለበት፣ ቅቤና ሚጥሚጣ ያጣ ክትፎ። ከዚህ በኋላ ስድስት መልስ ያህል ስለ ጉራጌ ክትፎ፣ ስለ ቆጮና ስለ ለብለብ ሆነ። ሁሉንም አልጽፈውም። አንዱ ብቻ ይጠቅማል፦ ቁጥር 24 ለብለብ ማለት ለሚያውቅ ሰው የፈረንሳዩን ሴኛን፣ ደም ደም የሚለውን ስቴክ፣ ማስረዳት ቀላል ነው፣ አስተናጋጅ በአማርኛ ቢጠይቅ ኖሮ ግማሹ ስቴክ ይድን ነበር አለ።

ቁጥር 28 አስተናጋጅ ነው። የት እንደሚሠራ አልተናገረም፤ የኛው ቤት ነው ማለት አልችልም። አ ፗ የሚለው ቃል ለኛ ለአስተናጋጆች ወጥመድ ነው አለ። ቃል በቃል ልክ ላይ የደረሰ ማለት ስለሆነ በደንብ የበሰለ ይመስላል፤ የፈረንሳዩ አ ፗ ግን መሃሉ ሮዝ ነው፣ እንግሊዞቹ ሚዲየም ከሚሉት እንኳ ያነሰ። የነገረኝን ሌላም ነገር አልረሳውም። ደም ያለበት ሥጋ ሲያቀርቡ አሥር ጊዜ ስምንቱ ተመላሽ ነው፣ ሲመለስ ደግሞ በነሱ ላይ የሚያሳብብ አለቃ አለ፤ ስለዚህ ሲጠራጠሩ አብስለው ማምጣት ይቀናቸዋል። ሥራ ሲጀምር ሜኑውን በሁለት ቀን ሸምድድ ተብሎ እንጂ አንዱንም ምግብ ቀምሶ አያውቅም። ሥጋው ምን እንደሚል አፉ ያላወቀ ሰው እንዴት ያስረዳ?

ይህ መልስ ይሉኝታን አስነሣ፤ ክሩ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ቁጥር 29 ሥጋውን ሦስት ጊዜ የመለሰ፣ በሦስተኛው ግሩም ሥጋ የበላ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ ከፍሎ ወጥቶ እዚህ ማማት ለማብሰያ ቤቱም አይጠቅምም አለ። ቁጥር 30 ደግሞ ሽማግሌ አባት ፊት ምግብ መመለስ ማዕድ ማዋረድ ነው፣ ልጅቷ በወግ ያደገች ናት ብላ ተከላከለችልኝ። ቁጥር 31 ሰላ ያለ ነው፦ ማዕድ የሚከበረው የሰጪ ሲሆን ነው፣ ይሄ ሽያጭ ነው፣ ጫማ ሲጠብሽ አትመልሺም ወይ አለ። ቁጥር 4 የፈረንሳይዋ ሴት ተመልሳ፣ እዚያም ቢሆን ሰው ሁሉ አይመልስም፣ ግን የመጀመሪያዋን ቁራጭ ቆርጠሽ ያኔውኑ ከተናገርሽ ማንም አይከፋም፤ ግማሹን በልተሽ ከሆነ ነው ጠብ የሚመጣው አለች።

እኔ አሁን ከቁጥር 29 ጋር ነኝ፤ ቁጥር 30ን ግን እወዳታለሁ። አንድ ቃል ብናገር ያ ልጅ ሳህኑን ወስዶ ሌላ ያመጣ ነበር ይሆናል። እኔ ያከበርኩት መስሎኝ ዝም ስል አባዬ ሥጋውን ከድንች ሥር ደበቀ።

ቁጥር 33 አንድ የድሬ ሰው ስለ ለገሃር ጻፉ፤ ከዚያ ክሩ ለአንድ ቀን ሙሉ የናፍቆት ሆነ። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ሲደርስ ከተማችን ከሐዲዱ ጋር መወለዷን፣ አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1917 መቆየቱን፣ ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው ላ ጋር መምጣቱን፤ ሹፌር፣ ጋራዥ፣ ቡፌ የምንላቸውም ከዚያው ቋንቋ መሆናቸውን አነሱ። ቡፌ ደ ላ ጋርን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ተገኙ። አንደኛዋ በማዕከላዊው ከተማ የፈረሰውንና የተሠራውን እየቆጠረች አለቀሰች። ሁለት ሰዎች ስለ ኮሪደር ልማቱ መጨቃጨቅ ሲጀምሩ አስተዳዳሪው ወደ ምግቡ መለሳቸው።

ቁጥር 41 ሼፉ ለመጨረሻ ጊዜ መጣ። ለአባትሽ ድሬ ላይ ራስሽ ሥሪለት አለኝ። ከሐረር ሰንጋ ጎድን ተዳቢት፣ ሁለት ጣት ውፍረት። ጨው ቀብቶ፣ ሳይሸፈን፣ ፍሪጅ ውስጥ በወንፊት ሽቦ ላይ አራት ቀን፤ ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ እንዳይበልጥ። ሦስት ሳምንቱን አይተካም፣ ግን መቆለፊያውን ያላላል። ከመጥበስሽ አንድ ሰዓት በፊት አውጪው፣ በጨርቅ አድርቂው፣ ብረት ምጣዱ እስኪጨስ ይጋል፣ በየገጹ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሳትነኪው አምስት ደቂቃ ይረፍ። ቁጥር 42 ድሬ ሙቀት እንደሆነችና መብራት ከጠፋ ያንን ሥጋ እንዳላቀርበው አስጠነቀቀችኝ።

ቁጥር 43 የኔ ነው። ትናንት ማታ ክሩን በሙሉ ለአባዬ አነበብኩለት፤ ዓይኑ ድኗል፣ ግን ሲነበብለት ይወዳል። የአስተናጋጁ መልስ ላይ ስደርስ አስቆመኝ። ያን ማታ ዌል ደን ሲለው በደንብ ሰምቶታል፤ ምን ማለት እንደሆነም ያውቃል። ግን ልጁ ሲጽፍ እርሳስ የያዘ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አለቃው ደግሞ ከኋላው ቆሞ ያየው ነበር። እኔ እጁንም አለቃውንም አላየሁም። አባዬ ጥገና ክፍል በገባበት ሳምንት፣ የመፍቻ ቁጥር ተሳስቶ ሲያቀብል፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንሳይ ትክክለኛው ነው ብሎ ተቀብሎት ዘወር ሲል ራሱ ሄዶ እንደቀየረው ነገረኝ። ይህን ታሪክ በአርባ ዓመቴ የሰማሁት ትናንት ነው።

ሥጋውን ረቡዕ ገዝቻለሁ፣ ጨው ነክቶት ፍሪጅ ውስጥ ነው። እሑድ ይጠበሳል። አ ፗ ብሏል። እስካሁን መብራት አልጠፋም።